ደወሉን የሰማ ያጭዳል

ባነር የሚባለውን ነገር ማየት አልወድም። መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ በየሱቁ ደጃፍ ተወጥሮ፣ ነፋስ ሲመታው እየተርገፈገፈ፣ የሳሙናና የስልክ ሥዕል ይዞ ይውላል። ሰው ሁሉ አይቶት ያልፋል። እኔ ፊቴን አዞራለሁ። መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽታው ነው፤ ፀሐይ ያገኘው የላስቲክ ሽታ። ከሽታው ቀጥሎ የአክስቴ ጣራ ይመጣብኛል።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩት ከመሐል ሜዳ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቃ፣ ጓሳው ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ በተቀመጠች መንደር ነው። ጓሳ ለማያውቀው ሰው ያው ሣር ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠንካራ የደጋ ሣር። ለኛ ግን ክዳንም ገመድም ጅራፍም እሱ ነው። በጓሳ በደንብ የተከደነ ቤት፣ ከሥሩ ጭስ እስካልተለየው ድረስ፣ እዚያ ቤት የተወለደ ልጅ አድጎ ልጅ እስኪድር ይቆያል።

የእትዬም ቤት እንዲያ ነበር። ክብ፣ ዝቅ ያለ፣ የድንጋይ ግድግዳ። ክዳኑ ግን አርጅቶ፣ በአንድ ጎኑ ሰርጉዶ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ከአልጋቸው ራስጌ መውረድ ጀመረ። እኔ ቆርቆሮ ላልብስልዎ ብዬ ስለምናቸው፣

"ቆርቆሮ ለሞላሌ ከተማ ሱቅ ነው የሚያምርበት፤ እኔ ምን በወጣኝ!" አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ቆርቆሮ ክብ ቤት ላይ አይቀመጥም፤ ቤቱን አፍርሶ እንደገና መሥራት ይጠይቃል። ደግሞ በመንዝ ውርጭ ከቆርቆሮ ሥር መተኛት በረዶ ታቅፎ እንደ ማደር ነው። "ጓሳው ሊከፈት ነው፣ እሱን እጠብቃለሁ" አሉ። አንድ ክረምት ጠበቁ። ሌላም ክረምት ጠበቁ። አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ እያዞሩ፣ ከራስጌያቸው ማሰሮ እየደቀኑ ጠበቁ።

ጓሳው እንደ ማንኛውም ሣር ሲያሰኙ የሚያጭዱት አይደለም። ለዓመታት ተዘግቶ ይኖራል። ሣሩ ጉልበት አልፎ ወገብ ሲይዝ ሽማግሌዎች ይመካከሩና፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ደወል ያለ ሰዓቱ ይመታል። ደወላችን ከጽድ ላይ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ያለ ሰዓቱ ከተመታ ወይ ሞት ነው፣ ወይ ጓሳ ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አጥቢያው ማጭዱን ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ የሚገቡት ክዳናቸው የሚያፈስባቸው ባልቴቶችና አቅመ ደካሞች ናቸው፤ እነሱ የሚበቃቸውን አጭደው ካሰሩ በኋላ ሌላው ይከተላል።

የዚህ ሁሉ ሕግ አንድ አጭር ቃል ነው፤ ደወሉን የሰማ ያጭዳል። ማን የአጥቢያው ሰው ነው፣ ማን አይደለም ብሎ የሚከራከር የለም። የድንጋዩ ድምፅ ወንዙን ተሻግሮ ትንሽ ይሄድና ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ያለ ሰው የሌላ ደብር ሰው ነው፣ የራሱ ደወልና የራሱ ሣር አለው። ሕጉ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ አንድም ሰው ቃል ልጨምርበት ብሎ አያውቅም፤ ምን ጎድሎት ይጨመርበታል?

ጓሳው ከመከፈቱ በፊት በነበረው በጋ የፕሮጀክት ሰዎች የጫነ ነጭ መኪና መጣ። እኔ ከተማው ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝና፣ ስብሰባ ሲጠራ ወንበር እንዲሞሉ ከሚታዘዙት አንዱ ነኝ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ለፕሮጀክተሩ ሲባል ጄኔሬተር ተነሣ። ጭሱ በመስኮት እየገባ፣ እኛ በነጠላችን አፍንጫችንን ይዘን፣ አንድ ባለሙያ ስለ ንጹሕ አየር አስተማረን። ጓሳችሁ የዓለምን ጭስ እየዋጠ ከመሬት ውስጥ ይቀብራል፤ ይህ ካርቦን ይባላል፤ ስንት እንደዋጠ ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ ይለካዋል፤ በሩቅ አገር ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎችም ይህን የተቀበረ ጭስ በገንዘብ ይገዟችኋል አለ። ኩባንያዎቹ ከገዙ በኋላ ማጨሳቸውን ይተዋሉ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አይተዉም፣ እናንተ ስለምትውጡላቸው መተው አያስፈልጋቸውም ብሎ በፈገግታ መለሰ። ይህን ያለው እንደ ምሥራች ነው። ከኋላዬ አንድ ሰው "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ሲል የሰማነው ሁሉ ሳቅን፤ እሱም ያደነቅነው መስሎት አብሮን ሳቀ።

ከአዳራሹ ስወጣ መኪናው እንደቆመ ሞተሩ ይጮኻል። ሾፌሩን ምነው ሞተሩን ብታጠፋው አልኩት።

"ባትሪ ቻርጅ ላይ ነው ጋሼ" አለኝ።

"የምን ባትሪ?"

"የድሮኑ። ሣሩን ከላይ የሚለካው።"

አንድ ስብሰባ ሙሉ ናፍጣ ሲያቃጥል የዋለው ለዚህ ነው። መንገዴን ቀጠልኩ።

ቀጥለው ወደ መንደሮቹ ወጡ። አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ እትዬ ቤት ገብታ፣ በቀን ስንት ጊዜ እሳት እንደሚያነዱ፣ በኩበት ይሁን በእንጨት፣ ጭሱ በየት እንደሚወጣ ጠይቃ፣ ጣቷን ከመስታወቱ ላይ እያሻሸች መዝግባ ሄደች። እትዬ ለብዙ ጊዜ ሲገርማቸው ኖረ። "እሳቴ ምን አደረጋቸው?" ይሉኝ ነበር። አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ መኪና ቀይሮ፣ ጄኔሬተር አስነሥቶ ዳገት ወጥቶ የአንዲት ባልቴትን ምድጃ መቁጠር! ይህን ለማን ብዬ በምን አፌ ላስረዳ?

በዓመቱ የሁዳዴ ጾም ገባ። ሣሩ ወገብ ይዟል። በአንዱ እሑድ እኔም ለአጎቴ ሙት ዓመት ወደ መንደሩ ወጥቼ ነበር። የአጎቴ ልጅም አብሮኝ አለ። እሱ አዲስ አበባ ያደገ፣ በስልኩ የገጠር ሥዕልና ቪዲዮ እያሳየ ብዙ ተከታይ ያፈራ ጎልማሳ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። እንዲያውም ይኼው ነው የሚያናድደኝ፤ ክፉ ቢሆን ጠልቼው በተገላገልኩ።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ጠበል ቀምሶ ሊበተን ሲል ደወሉ ተመታ። ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ። አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ወጥተው፣ "ጓሳው ነገ ይከፈታል፤ ደወሉን የሰማ ያጭዳል" ብለው ወረዱ። እልልታው ቀለጠ። እትዬ ከሴቶቹ መካከል ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው ሲያለቅሱ አየሁ።

የአጎቴ ልጅ በዚያ ሰዓት ስልኩን ከራሱ በላይ አንሥቶ ነበር። በጋራው ራስ ላይ የተተከለው የስልክ ማማ በጄኔሬተር ነው የሚሠራው፤ ቀን ከሌት ያጓራል፤ በሱ ምክንያት ኔትወርኩ ከመሐል ሜዳ ይሻላል። ልጁ ደወሉን፣ ሽማግሌውን፣ እልልታውን፣ በነፋስ የሚተኛውንና የሚነሣውን ሣር በቀጥታ ለዓለም አሳየው። "ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ባህል አለን! ደወሉን የሰማ ሁሉ ያጭዳል!" ይላል። ከስልኩ ላይ ቀይ ልብ እንደ አረፋ ሽቅብ ይወጣል። ፊቱ በደስታ በርቷል።

እትዬ ማጭዳቸውን ሞረዱ። ገመድ አዘጋጁ። ክዳን የሚያውቁ ሁለት ጎረቤቶች ለሳምንቱ ተለመኑ፤ ጠላም ተጠነሰሰ። እኔም አጭጄ ልሸከምላቸው እዚያው አደርኩ።

ጎህ ሲቀድ የሰማነው ወፍ አልነበረም፣ ሞተር ነው። ዳገቱን ስንወጣ መንገዱ ዳር የጭነት መኪናዎች ተደርድረዋል፤ መብራታቸው እንደበራ ነው። ከላያቸው ማጭድ የያዙ የቀን ሠራተኞች ይወርዳሉ። ፊታቸው የማናውቀው ነው፤ ማጭዳቸውም ገና ከፋብሪካ የወጣ ነው። አለቃቸው ጃኬት የለበሰ፣ አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ትሑት ደላላ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቀርበው፣ "እናንተ የየት አገር ሰዎች ናችሁ? ይህ የአጥቢያው ጓሳ ነው" አሉት።

ሰውዬው እጅ ነሣ። ስልኩን አወጣ። ከዚያች ትንሽ ዕቃ ውስጥ የኛ ድንጋይ ጮኸ። ከተራራው ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ሦስት ጊዜ።

"ደወሉን ሰምተናል አባቶቼ" አለ። "ማጭዳችንንም ይዘን መጥተናል።"

አንደኛው ሽማግሌ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። ድገመው አሉት፤ ደገመው። ቀና ብለው ጓደኞቻቸውን አዩና፣ "የኛው ድንጋይ ነው" አሉ።

አሁን የምለውን ለከተማ ሰው ስናገር አያምነኝም፤ ይስቃል። አጥቢያው በሙሉ ማጭድ ይዞ ቆሟል። እነዚያ የኛን ሩብ አይሞሉም። "ውጡ!" ብሎ አንድ ድምፅ መጮኽ ይበቃ ነበር። የኛ ሽማግሌዎች ግን ነገሩን እንደ ማጭበርበር አላዩትም። እንደ ሕግ ጥያቄ አዩት። ሰምተናል ብለዋል፤ ሰምተዋልም፤ ሕጉ ደግሞ የሰማ ያጭዳል ይላል፤ ስለዚህ ይመከርበት ተባለ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ በጓሳው ዳር ካለው ጽድ ሥር በዕድሜ ቅደም ተከተል ተቀመጡ። ከጥንት ጀምሮ ሸንጎ በሚከፈትበት በአባ በገሌ ጸሎት ጀመሩ። ሽማግሌ በጓሳው ነገር ሲቀመጥ ደግሞ የአጥቢያው ሰው ማጭድ አያሳርፍም፤ ይህም ሌላው ሕግ ነው። የደላላው ሠራተኞች ግን ይህን ሕግ በቪዲዮው ላይ አልሰሙም። ገቡና ያጭዱ ጀመር።

እኛ ቆመን አየናቸው። ባልቴቶቹ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ማጭዳችንን ይዘን። እነሱ ያለ ደንብ ያጭዳሉ። ከጉልበት በታች መታጨድ የሌለበትን ከሥሩ ይላጩታል። ቀልደኛም ነበራቸው፤ ዘፈን በስልክ ከፍተው ነበር።

"እትዬ፣ ይግቡ!" አልኳቸው። "ቀኑ የእርስዎ ነው። ማን ይከለክልዎታል?"

"ሽማግሌ ተቀምጦ?"

"እነሱ እያጨዱ አይደለም እንዴ?"

"እነሱ ሽማግሌ የላቸውማ ልጄ። እኔ አለኝ። እርም ነው፣ አላደርገውም።"

ማጭዱን ከእጃቸው ልነጥቅ ቃጣኝ። ለሞረዱት ማጭድ፣ ለጠነሰሱት ጠላ፣ ለዚያ ሁሉ ክረምት አዘንኩ። በሰዎቹ ብቻ አይደለም አንጀቴ ያረረው፤ ከጽዱ ሥር ቃል እያመላለሱ በተቀመጡት በኛዎቹ ጨዋዎችም ነው። ጨዋነት እንዲህ ሲሆን ደግሞ ያስጠላል።

ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ከአናት ካለፈ በኋላ ተነሡ። ብያኔው ትክክለኛ ነበር። ደወል የሚሰማው በቆሙበት መሬት ላይ እንጂ በዕቃ ውስጥ አይደለም፤ ስለዚህ እንግዶቹ መብት የላቸውም፤ ከእንግዲህ አንድ እስር እንዳይነኩ፤ የነካ ሰው ዕድር ይነሣል፣ እሳት አይሰጠውም፣ ሬሳው አይወጣለትም። ደላላው ብያኔውን ቆሞ በአክብሮት ሰማ፤ ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ መኪናዎቹ ተራ በተራ ሞተራቸውን አስነሡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። በገመድ የታሰረው ጓሳ ከመኪናዎቹ ላይ እንደ ክምር ተቆልሎ ነበር። ጥቁር ጭሳቸው በተላጨው መሬት ላይ ተኝቶ ቆየ፤ ጭስ ይውጣል የተባለው ሣር ተጭኖ ሄዷል። ለኛ የቀረን ረግረጉ ዳርና ጅባራ የሚባለው የደጋ ተክል የወረሰው ጥግ ነው። እትዬ ከዚያ አንድ ሸክም አጭደው ተመለሱ። ለጉልላቱ እንኳ አይበቃም።

የካርቦኑ ሰዎችስ? ሳተላይታቸው መኪናዎቹ ሲመጡ አላየም። ጓሳው ሲመለጥ ግን አየ። መሬቱ "መስፈርቱን አያሟላም" ተብሎ ሥራው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ ሲባል በመሥሪያ ቤት ሰማሁ። ለመሰናበቻም አልመጡ።

ስልክ ሲገባ መንገድ ይቀራል ተብለን ነበር። ደውሎ መጨረስ፣ ቁጭ ብሎ መገበያየት። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። አንድ ሰው ስልኩን በነካ ቁጥር አንድ መኪና ይነሣል። ቀየት በሚባለው ገበያ ላይ ያለው የቻይና ብርድ ልብስ በስልክ ሥዕል ተመርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዳገታችንን በናፍጣ እየቧጠጠ የመጣ ነው፤ አንድ ክረምት ሳይከርም ይበጣጠስና ከገበያው ጀርባ ከተበላሸ ቻርጀር ጋር ይቃጠላል። ሽታው ጥንብ ነው። ከዚያው ከሚቃጠልበት ዳር የኛ በግ ፀጉር የሚገዛው አጥቶ ዝናብ ይመታዋል። ይህን እያየሁ ደግሞ ስለ እትዬ ምድጃ ጭስ ስብሰባ እጠራለሁ።

የአጎቴ ልጅ የሠራውን አላወቀም። በሳምንቱ ደውሎ ስንት ሕዝብ እንዳየለት በደስታ ነገረኝ። ሣሩ የት እንደደረሰ ታውቃለህ ወይ አልኩት። በኋላ እሱው አጣርቶ ደረሰበት፤ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ጎጆዎቹን ከድኖበታል። ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ቆርቆሮ አይወዱም። ተፈጥሮን ፍለጋ ነው የሚመጡት። ሎጁ ቀረጻ ሠርቶ እንዲያስተዋውቀው ጠርቶት እሱም ሄዶ ነበር። ተጸጽቷል፤ ውሸት አልናገርበትም። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ የተጠቀለለ ትልቅ ባነር በትከሻው ተሸክሞ እትዬ ቤት መጣ። ከሎጁ ያገኘው ነው፤ ሲታተም የስልክ ቁጥሩ ተሳስቶ የተጣለ። "ለጊዜው ዝናቡን ይከላከልልዎታል እትዬ" አላቸው። እሳቸውም መረቁት።

አብረን ወጠርነው። ሥዕሉን ወደ ታች፣ ነጩን ወደ ሰማይ። እኔ ከወራጁ ላይ ተቀምጬ ገመድ ሳስር ፀሐይ ያገኘው ላስቲክ ይሸተኝ ነበር። ጓሳ ጭስ ያሳልፋል፣ ላስቲክ አያሳልፍም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳት በተነደደ ቁጥር ጭሱ መውጫ አጥቶ ቤቱን ይሞላዋል። እትዬ ዓይናቸው ቀላ፤ ሳል ያዛቸው። እሳቱን ወደ ደጅ አውጥተው በብርድ ይተኛሉ፤ ወይ ጭሱን ችለው ይሞቃሉ። እኔ ዘንድ መሐል ሜዳ ይምጡ ብላቸው፣ ቤቴን ለማን ጥዬ አሉኝ።

ሐምሌ ላይ ልጠይቃቸው ወጣሁ። ዝናቡ ባነሩን ይደበድበዋል፤ ነፋስ ሲገባበት ጣራው እንደ ከበሮ ይጮኻል። እትዬ ተኝተው ወደ ላይ ያያሉ። ከራሳቸው በላይ ሰማያዊ ሐይቅ አለ፤ ከሐይቁ ዳር ክብ ክብ ጎጆዎች፣ ክዳናቸው ወርቅ የመሰለ፤ ከአንዱ ጎጆ በረንዳ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገች የውጭ አገር ወጣት ብርጭቆ ይዛ ትስቃለች።

"ና ተቀመጥ" አሉኝ። "ክዳኑን እየው እስቲ። ደህና እጅ ነው የከደነው።"

"አዎ እትዬ።"

"ጓሳው የኛ ነው አይደል? አወቅሁት።"

"የኛ ነው።"

ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ልጅቷ ቀሰሩ።

"ይቺስ ልጅ? ደወሉን ሰምታ ነው?"

በዚያ ስልክ በኩል ዓለም ሁሉ ሰምቷል። "አዎ እትዬ፣ ሰምታለች" አልኳቸው።

"እንግዲያማ መብቷ ነው" አሉ፤ ተነሡና ከራስጌያቸው ያለውን ማሰሮ ገፋ አደረጉት። ባነሩም ያፈሳል፤ ውሃው ቦታ ቀይሮ ነበር።